አገልግሎት የሚመራው ሰው ከየት መጣ?

ደሴ ውስጥ አዲስ የመምሪያ ኃላፊ ሲሾም ወሬው ከፒያሳ ተነሥቶ ሸዋ በር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። በየቡናው ላይ የሚነሡት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው። የየት አገር ሰው ነው? የማን ወገን ነው? ስንት ዲግሪ አለው? ሦስቱም ጥያቄዎች ሰውየውን ለማወቅ ሊረዱ ይችላሉ። ነገር ግን መታወቂያ ሊያድስ፣ የቤት ካርታ ሊያወጣ ወይም ንግድ ፈቃድ ሊያሳድስ የሚሄድ ባለጉዳይ በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚጠብቀው አንዳቸውም አይነግሩንም። ያንን የሚነግረን ሌላ ጥያቄ ነው። ሰውየው እስከ ዛሬ የት የት ሠራ? በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ዓመት ቆየ? እዚያ ሳለስ ምን አስተካከለ?

ይህ ማብራሪያ የመንግሥት አገልግሎት መሥሪያ ቤቶችን የሚመሩ ሰዎች በምን በምን መንገድ ወደ ወንበሩ እንደሚመጡ፣ የመጡበት መንገድም በባለጉዳዩ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማስረዳት የተጻፈ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። አገልግሎት የሚመራ ሰው በሥራ ዘመኑ ቢያንስ አንድ ወቅት ከባለጉዳይ ፊት ለፊት ተቀምጦ መሥራት ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ያ ዕድል ያልገጠመው ከሆነ ደግሞ የሠራው ሰው ከአጠገቡ መቀመጥና መደመጥ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል ለማሳየት ነው።

ሁለት መግቢያዎች

በአንድ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ከላይ የሚቀመጡ ሰዎች በሁለት የተለያዩ በሮች ይገባሉ። አንደኛው ቅጥር ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተወዳዳሪ ይፈተናል፣ የሙከራ ጊዜውን ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ በደረጃ ዕድገት ከባለሙያነት ወደ ከፍተኛ ባለሙያነት፣ ከዚያም ወደ ቡድን መሪነትና ዳይሬክተርነት ይወጣል። ሁለተኛው ሹመት ነው። ከንቲባው የሚመረጠው በከተማው ምክር ቤት ሲሆን፣ የመምሪያ ኃላፊዎቹም በከንቲባው አቅራቢነት በምክር ቤቱ ሹመታቸው ይጸድቃል።

ሕጉም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሚኒስትር ዴኤታ፣ ምክትል ዋና ዳይሬክተርና በዚሁ ደረጃ ያሉ፣ ከዚያም በላይ የሆኑ ባለሥልጣናትን ‹‹የመንግሥት ሠራተኛ›› ከሚለው ትርጉም ውጭ አድርጓቸው ነበር። ይህን አዋጅ አሁን አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተክቶታል። ክልሎች ደግሞ ለየራሳቸው ሠራተኞች የየራሳቸው አዋጅ አላቸው። ከዚህ ልዩነት የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ የተፈለገውን የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ ማሟላቷ በሰነድ ተረጋግጦ ነው የተቀጠረችው፤ የቀጠሯት ሰዎች ፈቃድ ሳይሆን የወጣው መስፈርት ነው ያስገባት። ከእርሷ በላይ ያለው ተሿሚ ግን የሚመዘነው በሿሚው አካል እምነትና በምክር ቤቱ ድምፅ ነው። ሹመት በራሱ ስሕተት የለበትም። ሕዝብ የመረጠው አካል የመረጠውን ፖሊሲ የሚያስፈጽምለት ሰው ማስቀመጥ መቻል አለበት። ችግር የሚመጣው ተሿሚው የሚመራውን ሥራ ውስጡን ሳያውቀው ሲቀር፣ የሚያውቁትም ከበታቹ ሆነው ዝም ሲሉ ነው።

ኃላፊው የሚችለውና የማይችለው

ስለ ሥራ ታሪክ ከማውራታችን በፊት ኃላፊው በእጁ ያለው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። ብዙ ጊዜ ሥልጣኑን ወይ እናጋንነዋለን ወይ እናሳንሰዋለን። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 721/2004 ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዝርዝር ደንብና መመሪያ የሚመጣው ከክልል ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የተቀመጠ ኃላፊ ከእነዚህ አንዱንም መሰረዝ አይችልም። የሠራተኛ ደመወዝና የደረጃ ምደባም ከእርሱ እጅ ውጭ ነው።

የሚችለው ግን ብዙ ነው፤ ባለጉዳዩን በየቀኑ የሚነካውም ይኸው ነው። ማን በየትኛው መስኮት እንደሚቀመጥ ይወስናል። አንድ ፋይል በስንት ሰው እጅ አልፎ እንደሚፈረም፣ ፈራሚው ሥልጠና ወይም ስብሰባ ሲሄድ በማን እንደሚወከል፣ መዝገብ ቤቱ በምን ሰዓት እንደሚከፈት የእርሱ ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ የጎደለው ሰነድ ለባለጉዳዩ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ተጽፎ ይሰጠው ወይስ በየምልልሱ አንድ አንድ እየተጨመረበት ይንገላታ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር ‹‹ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ሰዓት ይሰጣል›› ይላል። ያ ሰዓት እውነት የሚሆነው ወይም ጽሑፍ ብቻ ሆኖ የሚቀረው በእነዚህ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው።

አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርገን እንይ። ኮምቦልቻ ውስጥ ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን ቤት ወደ ስማቸው ማዞር ይፈልጋሉ። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያመጣሉ። የቆየውን ካርታ ያቀርባሉ። የግብርና የቦታ ኪራይ ዕዳ አለመኖሩ ይጣራል። ቤቱ በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ያልተያዘ መሆኑ ይታያል። ከዚያ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ይወጣል። ቀያሽ ወደ ቦታው ሄዶ ይለካል። የለካው ከፋይሉ ጋር ከተስማማ ጉዳዩ ወደ ፊርማ ይሄዳል፤ ካልተስማማ ሌላ ማጣሪያ ይከተላል። በወረቀት ላይ ሲታይ አጭር ነው።

አሁን ሁለት ኃላፊዎችን እናስብ። አንደኛው በሥራ ዘመኑ ሪፖርት ሲቀበልና ሲያቀርብ የኖረ ነው። በወሩ መጨረሻ የሚያየው ‹‹ከዕቅዱ ይህን ያህል ተፈጽሟል›› የሚል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ስብሰባ ይጠራል፣ መስኮት ላይ ያሉትን ይገሥጻል። ሁለተኛዋ ከዓመታት በፊት ራሷ በዚያ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበረች። ጉዳዩ የሚዘገየው መስኮቱ ላይ እንዳልሆነ ታውቃለች። ፋይሉ መዝገብ ቤት ውስጥ በቀድሞው የቀበሌ ቁጥር ተቀምጦ ባለጉዳዩ ግን በአዲሱ አደረጃጀት ስለሚጠይቅ ሊገኝ አልቻለም። ቀያሹ ደግሞ ተሽከርካሪ የሚያገኘው በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ መስኮቱን ትታ መዝገብ ቤቱ ላይ ሁለት ሰው ትጨምራለች፣ የአሮጌና የአዲስ ቁጥር ማመሳከሪያ ታሠራለች፣ የአንድ ሰፈር ልኬት በአንድ ቀን እንዲሰበሰብ ታደርጋለች። ሁለቱም ኃላፊዎች ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የለያያቸው የመጡበት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በጉም የነዳ ሾፌር እጥፋቱ ሳይታየው ፍጥነቱን የሚቀንሰው መንገዱ በእጁ ስላለ እንደሆነ ሁሉ፣ ሥራውን የሠራችው ኃላፊም ችግሩ ሪፖርት ላይ ሳይወጣ ታየዋለች።

ይህ ነገር ለሁለቱ ከተሞች ተራ ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት መሥሪያ ቤት እንደገና ሥራ ሲጀምር ትልቁ ሀብቱ የቆዩ ሠራተኞቹ ትዝታ ነው። የጠፋው ሰነድ ግልባጭ በየትኛው ሌላ ተቋም ሊገኝ እንደሚችል፣ የትኛው መዝገብ በእጅ ተጽፎ ይያዝ እንደነበር፣ ማን ምን ያስታውስ እንደነበር የሚያውቅ መሪ በወራት የሚቆጠር የባለጉዳይ እንግልት ያድናል።

መምህሩ፣ ባለሙያው፣ ካድሬው፣ ምሁሩ

በአካባቢያችን የአገልግሎት መሪዎች የሚመጡባቸው መንገዶች ከሞላ ጎደል አራት ናቸው። እኩል ክብደት ግን የላቸውም፤ ስለዚህ እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

ከሁሉም የሚበዛው የመምህርነት መንገድ ነው። በወሎ ከምናውቃቸው የወረዳና የከተማ አመራሮች መካከል እጅግ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተቀበሉት ጠመኔ ይዘው ነው። ምክንያቱ አይከብድም። ለብዙ ዘመን በገጠርም ሆነ በትንንሽ ከተሞች በቁጥር ትልቁ የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ መምህሩ ነበር። ደሴ ደግሞ ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እስከ መምህራን ትምህርት ኮሌጁ ድረስ የተማረ ሰው ስታፈራ የኖረች ከተማ ናት። መምህር በኅብረተሰቡ ዘንድ ይታወቃል፣ ይከበራል፣ መናገር ይችላል፣ መጻፍ ይችላል። በክረምትና በርቀት ትምህርት ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ፣ ዲግሪውን ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ያሳድጋል። ምርጫ ሲመጣ ወይም አዲስ አደረጃጀት ሲዘረጋ በመጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው።

መምህርነት ለአገልግሎት መሪነት የሚሰጠው ስንቅ ብዙ ጊዜ ይናቃል። እኔ አልንቀውም። ስድሳ ተማሪ የተቀመጠበትን ክፍል በሥርዓት የያዘ ሰው ሰልፍ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድን ነገር ለማያውቀው ሰው ደጋግሞ ማስረዳት፣ የወላጅን ቁጣ በትዕግሥት ማዳመጥ፣ የሁሉንም ተማሪ ስምና ጉዳይ መያዝ ለአገልግሎት ዋና ነገሮች ናቸው። የሚጎድለው ሌላው ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራው በክፍለ ጊዜ ተከፋፍሎ አንድ መምህር ዘንድ ይጀመራል፣ እርሱው ዘንድ ያልቃል። የአገልግሎት ሥራ ግን ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። አንዱ ጋ የተጀመረው ሌላው ጋ ካልደረሰ ማንም ‹‹የእኔ ጥፋት ነው›› አይልም። በጀት፣ ግዥ፣ የሰነድ አያያዝና የኮምፒውተር ሥርዓትም መምህሩ ክፍል ውስጥ ሳለ አይገጥሙትም። ስለዚህ ከመምህርነት በቀጥታ ወደ መምሪያ ኃላፊነት የዘለለ ሰውና በመካከሉ ርዕሰ መምህር ሆኖ በጀት ያስተዳደረ፣ ከዚያም በትምህርት ጽሕፈት ቤት ቡድን የመራ ሰው አንድ አይደሉም። ሹመቱ ሲነገር ሁለቱም ‹‹የቀድሞ መምህር›› ተብለው ነው የሚያልፉት። መካከሉን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ከውስጥ ያደገው ባለሙያ ነው። ንግድ መምሪያ በመዝጋቢነት ጀምሮ ቡድን መሪ የሆነ፣ ጤና ጣቢያ በነርስነት ወይም በፋርማሲ ጀምሮ የጤና ተቋም የመራ፣ ገቢዎች ውስጥ ግብር ሲወስን ኖሮ ኃላፊ የሆነ ሰው እዚህ ይገባል። ለባለጉዳዩ በብዛት የሚበጀው ይህ ይመስለኛል፤ ግን የራሱ አደጋ አለው። ከሃያ ዓመት በፊት ሲገባ ያገኘውን አሠራር የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ‹‹ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሠራው›› የሚለው መልስ የሚወጣው ከእርሱ አፍ ነው። የቀድሞ ጓደኞቹን መቆጣጠርም ይከብደዋል፤ አብሮ ሻይ የጠጣውን፣ ልጁን ክርስትና ያነሣለትን ሰው ስለ ጉቦ መጠየቅ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው በፓርቲና በአስተዳደር መዋቅር ያለፈው ነው፤ ከወጣት አደረጃጀት፣ ከቀበሌ፣ ከክፍለ ከተማ እያለ የመጣ። ሰው ማስተባበር፣ ግጭት ማብረድ፣ ከላይ የመጣ ውሳኔን በፍጥነት ማስፈጸም ይችላል። ቀበሌ የሠራ ከሆነ ከባለጉዳይ ጋር ብዙ ውሎ ነውና ልምዱ ትልቅ ዋጋ አለው። ቢሮ ለቢሮ በመዛወር ብቻ ያደገ ከሆነ ግን የሚያውቀው ስብሰባን ነው። አራተኛው ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ምሁር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ካምፓሶቹ ብዙ የተማረ ሰው ወደ አካባቢው አምጥቷል። በአገር ደረጃም የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን በዲንነት ለዓመታት የመሩት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የክልል ፕሬዚዳንት፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ሹመት በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ ዛሬ ስለ ባለሥልጣን የምናስበው ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚለው አባባል የተወለደው ሹም የወር ደመወዝ ባልነበረው፣ ከሚያስተዳድረው አገር ግብርና ግብዣ በሚተዳደርበት ዘመን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የመጀመሪያው ካቢኔ ተመሠረተ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር በደመወዝ በሚሠሩ ሹማምንት እንዲመራ ሆነ። አባባሉ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ቀረ።

በዚያው ዘመን ከመዝገብና ከወረቀት የተነሣ ሰው ምን ያህል ሊወጣ እንደሚችል ያሳዩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። በምኒልክ ሆስፒታል በአስተርጓሚነት ሠርተው ነበር፤ በኋላ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ከፍተኛ ሥልጣን ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ሆኑ። ኃይላቸው የመጣው ከዘር ሳይሆን ወደ ንጉሡ የሚገባውና ከንጉሡ የሚወጣው ወረቀት በእጃቸው በማለፉ ነበር።

የወሎ ጠቅላይ ግዛት ታሪክ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። የወሎ ገዥነት ማዕረግ ለረጅም ዓመታት በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ስም የነበረ ሲሆን፣ የዕለት ሥራውን ደሴ ተቀምጠው ይሠሩ የነበሩት እንደራሴዎች ናቸው። ማዕረጉ በትውልድ፣ ሥራው በውክልና ነበር ማለት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ ከታች የሚወጣው የገበሬው ጩኸት ከላይ በጊዜው አልተሰማም፤ መሸፋፈንም ነበረ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ለዚያ ጥፋት ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ አንዱ ግን መረጃ ከሰው ወደ ሹም የሚያልፍበት ቧንቧ በፍርሃት መዘጋቱ ነው። ወሎ ውስጥ ስለ መሪ የሥራ ታሪክ ማንሣት ለእኔ የቢሮ ቅልጥፍና ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ብሪታንያ ውስጥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የመንግሥት ሥራ በዝምድናና በትውውቅ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ኖርዝኮትና ትሬቬልያን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቀረቡት ሪፖርት ሠራተኛ በውድድር ፈተና እንዲገባ፣ በችሎታውም እንዲያድግ ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካ ወደዚሁ የደረሰችው በደም ነው። ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1881 የተገደሉት ሹመት ጠይቆ በተከለከለ ሰው እጅ ነበር፤ በ1883 የወጣው ሕግ የተወሰኑ የመንግሥት ሥራዎችን በፈተና እንዲያዙ አደረገ። ያም ሆኖ ዛሬም አንድ አዲስ ፕሬዚዳንት ወደ 4,000 የሚጠጉ ቦታዎችን በሹመት ይሞላል።

ፈተና ግን ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1945 ያቋቋመችው ዝነኛ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ፕሬዚዳንቶችንና ሚኒስትሮችን አፍርቷል፤ ነገር ግን ከሕዝቡ ኑሮ የራቁ ሰዎች የሚወጡበት ነው የሚል ወቀሳ ሲበረታበት በ2022 በሌላ ተቋም ተተካ። እኛም በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅን ስናቋቁም ለክልሎች የሠለጠነ የሰው ኃይል ለማፍራት ነበር። ትምህርቱ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ መስኮት ላይ መዋልን ግን አይተካም።

ሥራውን ከታች የሚያውቅ መሪ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሕንዳዊው መሐንዲስ ስሪድሃራን ጥሩ ማስረጃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ማዕበል የፓምባንን የባቡር ድልድይ ሲያፈርሰው ጥገናው ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ ነበር። የወቅቱ ወጣት መሐንዲስ በ46 ቀን ጨረሱት። በባቡር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በየደረጃው አልፈው ከ1995 ጀምሮ የዴልሂን የከተማ ባቡር ሲመሩ የመጀመሪያው መሥመር በ2002 ሥራ ጀመረ፤ ከመሪነቱ የወረዱት በ2011 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ወንበር ላይ ማለት ነው። በብሪታንያ የግብርና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመሩት ጂም ሃራ እ.ኤ.አ. በ1984 በግብር ተቆጣጣሪነት የተቀጠሩ ሰው ናቸው።

ከአገር ውስጥ ምሳሌ ከተፈለገ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። ግርማ ዋቄ፣ ተወልደ ገብረ ማርያምና መስፍን ጣሰው ተከታትለው የመሩት መንግሥታዊ ድርጅት ነው። ሦስቱም በወጣትነታቸው እዚያው የተቀጠሩ ናቸው፤ ግርማ ዋቄ በመካከሉ ወጥተው በውጭ አገር ሠርተው ተመልሰዋል። መስፍን ጣሰው እ.ኤ.አ. በ1984 በጥገና ክፍል በመሐንዲስነት ጀምረው በ2022 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። አየር መንገድ ንግድ ነው፣ መታወቂያ መስጫ አይደለም የሚል ሰው እውነት አለው። ነገር ግን መንግሥት ባለቤት በሆነበት ተቋም መሪን ከውስጥ እያሳደጉ መተካት እንደሚቻል በገዛ አገራችን ታይቷል።

ሹም ሽር

ምርጥ የሥራ ታሪክ ያለው ሰውም ቢሆን ጊዜ ካላገኘ ምንም አያደርግም። የመምሪያ ኃላፊ ሥራውን ለመረዳት ወራት ያስፈልጉታል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በጥር የተሾመ ሰው ያገኘው የሌላውን ዕቅድ ነው፤ የራሱን የሚያቅደው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው የሠራው መታየት የሚጀምረው። ያኔ ወደ ሌላ መምሪያ ይዛወራል። ከንግድ ወደ ባህልና ቱሪዝም፣ ከዚያ ወደ ወጣቶችና ስፖርት እየዞረ አምስት ቦታ የሠራ ሰው ‹‹ሰፊ ልምድ ያለው›› ይባላል። እኔ ግን እንደዚህ ዓይነቱን ታሪክ ሳይ የምጠይቀው አንድ ነው፤ የጀመረውን ሲያልቅ ያየበት ቦታ አለ ወይ?

ሹም ሽር ሲበዛ የሚጎዳው የተዛወረው ሰው አይደለም። ታች ያለው ሠራተኛ አዲስ መሪ ያመጣውን ለውጥ ከልቡ መቀበሉን ይተዋል፤ እስኪያልፍ ድረስ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጠረጴዛ ተቀየረ፣ ባለጉዳይ አንድ ቦታ ተቀምጦ ጉዳዩን የሚጨርስበት መንገድ ተጀመረ። ከዚያ ውጤት ተኮር የተባለው፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊት የተባለው፣ ከዚያም ሌላ የለውጥ ፕሮግራም መጣ። አንዳቸውም መጥፎ አልነበሩም። አስጀምሮ እስኪጸና የሚቆይ መሪ ግን በየቦታው አልነበረም። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። በየከተማው እነዚህን የሚያጸናቸው ከአንድ የበጀት ዓመት በላይ የሚቆይ ሰው ነው።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ዓይነት ሰው

ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ተለያይተው ኻያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የሚፈልጉት ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። ከዙሪያው ወረዳዎች ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለትምህርት፣ ለገበያ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ሰኞ ገበያ ውሎ፣ መኪና ሳያመልጠው ጉዳዩን ጨርሶ መመለስ ለሚፈልግ ገበሬ ‹‹ነገ ተመለስ›› ማለት የመኝታና የምግብ ወጪ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ የገጠር ወረዳ የሠራ፣ ማንበብ ከማይችል ባለጉዳይ ጋር የዋለ መሪ ብዙ ይጠቅማል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። እዚያ መሬት፣ መብራት፣ ውኃና የንግድ ምዝገባ የሚመራ ሰው አንድ ማሽን በጉምሩክ ለምን እንደሚዘገይ፣ ፋብሪካ መብራት ለአንድ ሰዓት ሲጠፋበት ምን እንደሚያጣ ቢያውቅ መልካም ነው። ከኢንዱስትሪ ወደ መንግሥት የመጣ ባለሙያ እዚያ ቦታ አለው። ነገር ግን ለፋብሪካው ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥታ የኪራይ ቤት፣ የቀበሌ መታወቂያና የጤና መድን የምትፈልግ ወጣት አለች። ባለሀብቱን በአንድ ቀን የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት እርሷን አሥር ቀን ካመላለሰ መሪው የሚያውቀው ከመንገዱ ግማሹን ብቻ ነው።

እንዴት ይጠየቃል?

ሹመት የሚጸድቀው በምክር ቤት ጉባኤ ስለሆነ የከተማው ኮሙኒኬሽን ብዙ ጊዜ የተሿሚዎቹን ስምና አዲሱን ኃላፊነት ያሳውቃል፤ ያለፈውን የሥራ ታሪክ ግን ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ አይጽፍም። የምክር ቤት አባላት እጅ ከማውጣታቸው በፊት ሊጠይቁ ይገባል፤ እኛም በሕዝብ መድረክ መጠየቅ እንችላለን። ዲግሪው ከየት እንደሆነ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ባለጉዳይ ያስተናገዱበት ሥራ የትኛው ነው? ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩበት ቦታ የት ነው? እዚያ ሲገቡ አንድ አገልግሎት ስንት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ሲወጡስ? ሥራውን ከታች ካላወቁት፣ ከምክትሎችዎ መካከል የሚያውቀው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ መዘንጋት የለበትም። በተግባር ብዙ መሥሪያ ቤት የሚቆመው ከኃላፊው ይልቅ በአንድ የቆየ ምክትል ወይም ቡድን መሪ ላይ ነው፤ ያ ሰው በአዲሱ ኃላፊ ዘመን ገሸሽ መደረጉን ወይም መደመጡን ማወቅ ከማንኛውም የሥራ ታሪክ በላይ ይናገራል።

በቃል መልስ ያላገኘ ሰው በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይገባል፣ ቀንና ቁጥር ያለው ማረጋገጫ ይወሰዳል፣ መልስ እስከ 30 ቀን ይጠበቃል። ካልተመለሰ አቤቱታው ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።